ሥዕል አምስት

እስከ ዛሬ ድረስ የአንድ የኬሚስትሪ መጽሐፍ መግቢያ በቃሌ አለ። ደራሲው ማን እንደሆነ፣ የት ከተማ እንደታተመ፣ ያለ ፈቃድ ማባዛት ክልክል እንደሆነ ሳይቀር፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ሳልንተባተብ እወጣዋለሁ። ትምህርት ቤት አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም። እንግሊዝኛም ያኔ አልችልም ነበር። የልጅ ልጆቼ ይህን ስነግራቸው ይስቁብኛል። ይሳቁ። ያ መጽሐፍ ግን ወንድሜን ከኮሌጅ ሊያስባርረው ለጥቂት ነው የተረፈው፤ ያን ዕለት የደነገጥኩትን ድንጋጤ ዛሬም አልረሳሁትም።

ነገሩ የጀመረው ከአባቴ ነው። አባቴ ከጎጃም መጥተው ቀራንዮ የሰፈሩ የዜማ መምህር ነበሩ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ስፌት እየሰፋሁ እሸጣለሁ፣ አባቴንና ታናሽ ወንድሜን አበላለሁ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እንኳ አስበውበት አልነበረም። ወንድሜን ሲያስተምሩት እኔ አጠገባቸው አለላ እየቀለምኩ እሰማ ነበርና፣ እሱ ሳይጨርስ እኔ ጨርሼ ተገኘሁ። አባቴ ባወቁ ጊዜ «አንቺ ልጅ፣ ማን ጠርቶሽ ነው?» ብለው ሳቁ እንጂ አልተቆጡኝም።

ለትምህርት አንድ መንገድ ብቻ ነበራቸው፤ ቃል። መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ይቀበላል፤ መጽሐፉን ሳያይ ከዳር እስከ ዳር እስኪወጣው ድረስ ተማረ አይባልም። እሳቸው በልጅነታቸው ከመምህር ወደ መምህር ሲዞሩ የያዙት ሁሉ ከራሳቸው ውስጥ ነው። ቤታችን ውስጥ ከአንድ ሁለት ብራና በቀር መጽሐፍ አልነበረም፤ ምን ያደርግላቸዋል?

ወንድሜ ሳይንስ ሊማር ኮሌጅ የገባ ዓመት ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ነበሩ፤ በኮልፌም ባሕር ዛፉ ከቤቱ ይበዛ ነበር። ከሰፈራችን ኮሌጅ የገባ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው። እዚያው እንዲያድር አልጋ ቢሰጡትም አባቴ «ከቤትህ ትመላለሳለህ፤ ትምህርትህን እኔ እሰማዋለሁ» አሉት። እንግሊዝኛ የማያውቁ ሰው የእንግሊዝኛ ትምህርት እንዴት ይሰማሉ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

በመጀመሪያው ሳምንት ያን ወፍራም መጽሐፍ ታቅፎ መጣ። አባቴ በሁለት እጃቸው መዘኑት።

«ይህን ለመጨረስ ስንት ጊዜ ሰጧችሁ?»

«ዓመት ነው፣ አባባ።»

«ዓመት! እኔ ከዚህ የሚወፍር ዜማ በሁለት ክረምት አውጥቻለሁ። በል፣ ነገ እንጀምራለን። ከልባሱ ጀምረህ።»

«ልባሱ ላይ ያለው እኮ ትምህርት አይደለም፣ የደራሲው ስም ነው።»

«ሰውዬው ስሙን የጻፈው በከንቱ ነው?»

እንዲህ ሆኖ ከልባሱ ተጀመረ። ወንድሜ ከኮሌጅ ሲመለስ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ጓሮ ያለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። እኔ መጽሐፉን ይዤ ፊት ለፊቱ። አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከጎን። መጀመሪያ የእንግሊዝኛውን ፊደል አስቆጠረኝ፤ ከዚያ ቃሉን በመልኩ ለየሁት፣ ሰው በመልኩ እንደሚለይ። ጣቴን በመስመሩ ላይ አስኬዳለሁ፣ እሱ ይወጣዋል። አንድ ቃል ከሳተ «አልሆነም!» እላለሁ፣ ከገጹ ራስ ይጀምራል። አባቴ ትርጉሙን ባያውቁም መንተባተቡን ያውቃሉ፤ ዐረፍተ ነገሩ ባለቀ ቁጥር በመቋሚያቸው መሬቱን ጠቅ ያደርጋሉ። ኬሚስትሪ ዜማ ሆነላችሁ።

አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ ይሄ ሥዕሉስ? በየገጹ ሥዕል አለ እኮ።»

«ሥዕል በቃል አይወጣም። እለፊው።»

አለፍኩት። ጣቴን ከሥዕሉ በታች ወዳለው ጽሑፍ አወርዳለሁ። ወንድሜ ግን ከሥዕሉ ሥር የተጻፈችውን ሁሉ ይወጣ ነበር፣ ጽሑፍ ናትና።

ከአጥር ወዲያ የምትኖር ጎረቤታችን መርካቶ ቅመም የምትነግድ ሙስሊም ሴት ነበረች። እማማ ነበር የምላት። አንድ ቀን አንገቷን በአጥሩ ላይ አስግጋ፦

«አንቺ ልጅ፣ ወንድምሽ ፈረንጅ ሆነ እንዴ? ለማን ነው እንዲህ የሚጸልየው?»

«ለፈተና ነው፣ እማማ።»

«የኔም ልጆች ቁርአን ቤት እንዲሁ ናቸው። ይኼኛው ምንድን ነው የሚለው ግን?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«እሱስ?»

«እሱማ ያውቃል! ኮሌጅ ነው የሚማረው።»

ይህን ያልኩት ከልቤ ነው። ያወቀ ካልሆነ እንዴት እንዲህ ያወርደዋል? በዚህ ዓለም ላይ ያልጠረጠርኩት ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

ኅዳር ላይ የመጀመሪያውን ፈተና ተፈተነ። እየሮጠ መጣ። ጥያቄው ሁሉ ከያዘው ገጽ ነበር፤ ጻፈ ጻፈና ወረቀት አለቀበት፣ ሁለት ጊዜ ጨመሩለት። አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ግማሽ ገጽ ጽፎ ሲወጣ እሱ ሰባተኛው ላይ ነበር። አባቴ «ሰባት ገጽ!» እያሉ ለደብሩ ሰው ሁሉ ነገሩ። እኔም ለገዢዎቼ፣ መሶብ ሊዋዋሉ ለመጡት ሳይቀር፣ ሰባት ገጽ አልኩ።

ከሳምንት በኋላ፣ በሥራ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ወንድሜ በር ላይ ቆሞ አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። የታመመ መስሎኝ እጄን ግንባሩ ላይ አደረግሁ።

«እትዬ፣ ሌባ ተባልኩ።»

አባቴ ከውስጥ ሰምተው ወጡ። «ማን ነው ሌባ?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ። ሰርቀህ ነው የጻፍከው አሉኝ።»

«ከማን ሰርቀህ?»

«ከመጽሐፉ።»

«መጽሐፉ የማነው?»

«የኔ።»

«ታዲያ የራሱን መጽሐፍ የሚሰርቅ ማነው? እብድ ናቸው እንዴ?»

ወንድሜ እንባው እየወረደ አስረዳን። ፈረንጁ መምህር ወረቀቱን ከመጽሐፉ ጋር ሲያስተያየው ከቃል ቃል፣ ከነጠብጣብ ነጠብጣብ አንድ ሆነበት። መጽሐፉን ልብሱ ውስጥ ደብቆ ገብቶ የገለበጠ ነው ብሎ ለበላዮቹ ሊያቀርበው ነው። ከቀረበ መባረር ነው፤ ይቅርታ የለውም። ዓርብ ጠዋት ግን ጉዳዩ ከመተላለፉ በፊት አንድ ጊዜ ቃልህን እሰማለሁ ብሎታል።

አባቴ ድንጋዩ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። መባረሩ ገና ልባቸው አልደረሰም ነበር። ያንቀጠቀጣቸው ሌላው ነው። «በቃል ማወቅ... ስርቆት?» አሉ። ደግመው አሉት። ጥቁሩ ፊታቸው ሲገረጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዓርብ ዕለት ሦስታችንም ሄድን። አባቴ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን ይዘው። እኔ መጽሐፉን በነጠላ ጠቅልዬ፤ «መጽሐፉን የያዝሽው አንቺ ነሽ፣ ምስክር ነሽ» ብለውኛል። በጭቃው እስከ ፌርማታ፣ ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ ሌላ አውቶቡስ። ግቢው ውስጥ ስንገባ ተማሪዎቹ ዞር እያሉ አዩን።

ፈረንጁ ቀጭን፣ ጠጉሩ ቀይ፣ የሸሚዙን እጅጌ የጠቀለለ ሰው ነበር። አጠገቡ የሚያስተረጉም ወጣት ረዳት መምህር አለ፣ ያገራችን ልጅ። ጠረጴዛው ላይ የወንድሜ ሰባት ገጽ በቀይ ተሰምሮበት ተዘርግቷል።

ረዳቱ ለአባቴ ወንበር አቀረበና «አባቴ፣ ነገሩ ከባድ ነው» አለ። «እስቲ ይህን ይስሙ። ልጅዎ እዚህ ጋ ምን ብሎ እንደጻፈ ልተርጉምልዎ። 'ከላይ በሥዕል አምስት እንደሚታየው' ይላል።»

«እሺ?»

«የፈተና ወረቀት ነው እኮ። ሥዕሉ የታል?»

እኔ ወንድሜን አየሁት፣ ወንድሜ መሬቱን አየ። አባቴ ግን ምንም አልመሰላቸውም።

«ሥዕልማ በቃል አይወጣም» አሉ። «ጽሑፉን ግን ያሻውን ገጽ ይግለጥና ይጠይቀው።»

ረዳቱ ይህን ሲተረጉም ፈረንጁ ፈገግ አለ፤ ደስ የማይል ፈገግታ። ከመጽሐፉ መሃል አንድ ገጽ ገለጠና ግማሽ መስመር አነበበ።

ወንድሜ ተነሣ። እጁን አጣምሮ ዓይኑን ጨፈነና ቀጠለ። ገጹ አለቀ፣ ሁለተኛው አለቀ። አባቴ በልማዳቸው በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ወለሉን በመቋሚያቸው ጠቅ ያደርጋሉ። ፈረንጁ እጁን አንሥቶ አስቆመውና ሌላ ገለጠ፤ ወንድሜ ያንንም አወረደው። ሦስተኛው ላይ ምላሱ አንድ ቃል ሳተች። እኔ ደግሞ የት እንዳለሁ ረሳሁ፤ ጓሯችን መስሎኝ፣ ጮክ ብዬ፦

«አልሆነም!»

ወንድሜ አፉን ዘግቶ ከገጹ ራስ ጀመረ። ፈረንጁ ወደ መጽሐፉ አጎንብሶ ፈለገ፣ ፈለገና ጣቱ አንድ ቃል ላይ ቆመች። እውነትም ስቶ ነበር። ቀና ብሎ ወንድሜን አየ፣ እኔን አየ፣ ባዶ እጄን አየ። መጽሐፉ እሱ ዘንድ ነው፤ እኔ ከራሴ ነው ያረምኩት። ፈረንጅ ሲደነግጥ ያን ቀን አየሁ። አንገቱ ድረስ ቀላ።

ረዳቱ «በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ይላል» አለ።

«እንግዲህ ሌባ ነው?» አሉ አባቴ።

«አይደለም ይላል። ይቅርታ ይላል።»

አባቴ «ተመስገን!» ብለው ተነሡ። እኔም መጽሐፌን ልጠቀልል እጄን ዘረጋሁ። ያለቀ መስሎን ነበር። ፈረንጁ ግን ቁጭ በሉ በሚል እጁን አወዛወዘና ከመስኮቱ ሥር ካለው የሻይ ዕቃ ስኳሩን፣ ማንኪያና ብርጭቆ ውሃ አመጣ። አንድ ማንኪያ ስኳር ጨምሮ አማሰለ፤ ሟሟ። ሁለተኛ ጨመረ፣ ሦስተኛ፣ ኧረ ስንቱን። በመጨረሻ ብርጭቆው ሥር ነጭ ሆኖ ተኛ፤ ቢያማስሉት ይነሣል፣ ይመለሳል።

ረዳቱ ወደ ወንድሜ ዞረ። «ይሄኛው ለምን አልሟሟም? ብናሞቀውስ ምን ይሆናል? በአማርኛ መልስ፣ በፈለግኸው ቋንቋ።»

ወንድሜ ብርጭቆውን አየ። ከንፈሩን ላሰ። «ምዕራፍ ስንት ነው?» አለ።

«ምን?»

«ምዕራፉን ንገረኝና...»

«ምዕራፍ የለውም። ስኳር ነው።»

ወንድሜ ዝም። አባቴ «በለው እንጂ!» አሉ። «ምን ነካህ? በለው!»

ምን ልበላችሁ፣ ሌባ የተባለ ጊዜ የደነገጥኩት ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ያኔ እውነቱን አውቄ ነበር የደነገጥኩት፤ አልሰረቀም። አሁን ግን ያ ሁሉ ከአፉ ሲወርድ የኖረው ነገር ለሱም እንደኔው ድምፅ ብቻ መሆኑን ገና አየሁ። ጎረቤታችን በአጥር ላይ ሆና «እሱስ?» ያለችኝ ትዝ አለኝ።

አፌ አመለጠኝ።

«ጠግቦ ነዋ! ውሃው የቻለውን ያህል ወሰደ፣ የተረፈውን አስቀመጠ። ቢያሞቁት ይሄንንም ይወስደዋል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ መልሶ ከሥር ያስቀምጣል። የአለላ ቀለም ስበጠብጥ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው፤ በፈላ ውሃ ድራሹ የጠፋው፣ ጠዋት ከድስቱ ሥር ተጋግሮ ይጠብቀኛል።»

ረዳቱ አፉን ከፍቶ አየኝ፤ ከዚያ ተረጎመ። ፈረንጁ መጽሐፉን ገልጦ ወደኔ አዞረና ጣቱን አንድ ሥዕል ላይ አደረገ።

ብርጭቆ ነው። ውስጡ ማንኪያ። ከሥሩ የተኛ ነገር።

ሥዕል አምስት ነበር። ያን ገጽ ስንት ቀን በእጄ ይዤዋለሁ፤ ከሥዕሉ ሥር ያለችውን ጽሑፍ ተኝቼ ብትቀሰቅሱኝ እላታለሁ። ብርጭቆ መሆኑን ግን አላየሁም። ሥዕሉ ከዓይኔ ሥር እየዋለ፣ አንድም ቀን አላየሁትም! ክው ብዬ ቀረሁ።

ፈረንጁ የተናገረውን ረዳቱ ቀስ ብሎ ነገረን። ልጁ አልሰረቀም፣ ክሱ ቀርቷል። ለሰባቱ ገጽ ግን ነጥብ አይሰጠውም። «መጽሐፉ እኔም ዘንድ አለ፣ የጠየቅሁት ልጁን ነው» ይላል። ጥር ላይ የሚመጣው ፈተና ብቻውን ይወስናል፤ ያን ካለፈ ይቀጥላል፣ ከወደቀ ይወጣል። ጥያቄዎቹም በመጽሐፉ ቃል አይመጡም።

አውቶቡሱ ውስጥ፣ ኮልፌ ልንደርስ ስንል ወንድሜ «አባባ፣ ሰነፍ አይደለሁም» አለ።

«ሰነፍ ማን አለህ?» አሉ አባቴ፣ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳያዞሩ።

ሁለት ቀን ሙሉ ቤታችን ሐዘን የገባበት መሰለ። በአሥራ አንድ ሰዓት ድንጋዩ ላይ የሚቀመጥ የለም። ጎረቤታችን እንኳ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ዛሬ የፈረንጁ ጸሎት የለም?» ብላ የኔን ፊት ስታይ ተመለሰች። እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን እህል ቀምሰን ስናበቃ አባቴ ሁለታችንንም ጓሮ ጠሩን።

«እኔ የዜማ ሰው ነኝ» አሉ። «ይህን ታውቃላችሁ። የማታውቁት፣ ከዜማው ቀጥሎ ሌላ ቤት አለ፤ ትርጓሜ ቤት ይባላል። የያዝከውን ቃል እዚያ ገብተህ ትፈታዋለህ። እኔ ድምፄ ያምራል ብለው ዜማው ላይ አስቀሩኝ፤ ደስ ብሎኝ ቀረሁ። ከትርጓሜ ቤቱ ደጅ ቆሜ ሰምቼ ነው የተመለስኩ። ስንት ዘመን ያዜምኩትን... ግማሹን ምን እንደሚል ያወቅሁት ጎልምሼ ነው። ግማሹን ዛሬም አላውቀውም።»

መሬቱ የተከፈተ ነው የመሰለኝ። አባቴ! ሰው ሁሉ ሊጠይቃቸው የሚመጣው አባቴ! ወንድሜ ቀና ብሎ አያቸው፤ ያን ቀን አንገቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ያለ መሰለኝ።

«ቃሉን ይዘሃል» አሉት። «እሱን ማንም አይወስድብህም። አሁን እንፈታዋለን። ደጁ ላይ ቆሜ የሰማሁት እንዲህ ነው። መምህሩ አንዱን መስመር ያነቡታል። በሚሰማ ቋንቋ ይተረጉሙታል። ከዚያ 'አንድም' ብለው ያንኑ በሌላ ነገር ይነግሩሃል፣ እስኪገባህ ድረስ። አንተ መምህር ትሆናለህ። እኛ ተማሪ። እሷ ካልገባት አላለፍክም።»

«ለምን እሷ?» አለ ወንድሜ።

«እኔ አባትህ ነኝ፣ ይሉኝታ ይይዘኛል። እሷ አትምርህም።»

እውነታቸውን ነው፣ አልማርኩትም። መጀመሪያ ሥዕሎቹን አየን፤ ሁሉንም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ እንደ አዲስ መጽሐፍ። ከዚያ በየቀኑ አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር። እሱ ይወጣዋል፣ በአማርኛ ይለዋል፣ እኔ «ከየት አወቅህ?» እላለሁ። «መጽሐፉ ይላል» ካለ አይቆጠርለትም። ከቤታችን ወይ ከጓሯችን ማሳየት አለበት። የጣሪያችን ቆርቆሮ ለምን እንደዛገ፣ የአመድ ውሃ እድፍ ለምን እንደሚያስለቅቅ፣ ከድስት ክዳን ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ከየት እንደመጣ። እኔ ዕድሜዬን ያየሁት ነገር ሁሉ በመጽሐፉ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል! በየቀኑ ነበር የምደነግጠው።

አንድ ቀን የሚቃጠል ነገር ላይ ደረስን። ወንድሜ ጧፍ ለኮሰና በላዩ ብርጭቆ ደፋበት። ጧፉ ጥቂት ብልጭ ብልጭ ብሎ ጠፋ። አባቴ አላመኑም፤ ራሳቸው ለኮሱ፣ ራሳቸው ደፉ። ጠፋ። አራት ጊዜ ሞከሩት፣ እስክቆጣቸው ድረስ። «አባባ፣ ጧፉን ጨረሱት እኮ!»

«እሳቱ አየሩን በልቶ ጨረሰው» አለ ወንድሜ፣ ኮራ ብሎ።

«ሁሉንም?» አልኩት።

«አዎ።»

«ታዲያ አሁን ብርጭቆው ውስጥ ምን አለ? ምንም? ባለፈው ሳምንት ምንም የሚባል ነገር የለም ብለኸኝ አልነበር?»

ሊመልስ አፉን ከፈተና ቆመ። ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ከአንድ ገጽ ራስ ተነሥቶ በእንግሊዝኛ እየወረደ፣ እየወረደ፣ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ዓይኑን ሲገልጥ መብረቅ የመታው ሰው ይመስል ነበር።

«ይሄ እኮ በቃሌ አለ!» ብሎ ጮኸ። «እትዬ፣ በቃሌ አለ እኮ! እሳቱን የሚመግበው ከአየሩ አንዱ ክፍል ብቻ ነው፣ ብዙው ይቀራል ይላል! ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ! ይህን ማለቱ ነው እንዴ?»

ጎረቤታችን ጩኸቱን ሰምታ እሳት የተነሣ መስሏት በሁለት እጇ ባልዲ ይዛ መጣች። አባቴ ብርጭቆውን አንሥተው ውስጡን አዩ፤ ከዚያ በአፍንጫቸው አሸተቱት።

ጥር ደረሰ። የፈተናው ቀን ወንድሜ በእግሩ እየተራመደ መጣ፣ አልሮጠም። አባቴ በር ላይ ጠበቁት።

«ስንት ገጽ ጻፍክ?»

«ግማሽ፣ አባባ።»

«ለአንዱ ጥያቄ?»

«አዎ። ለሁሉም ሲደመር ሁለት ገጽ ቢሆን ነው።»

አባቴ መቋሚያቸውን ጨበጡ። «ወረቀት አልጨመሩህም?»

«አልጠየቅሁም።»

በሩ ላይ እንደቆሙ ደርቀው ቀሩ። ያ ሁሉ መጽሐፍ በሆዱ እያለ ሁለት ገጽ! ነጠላቸውን አንሥተው ወደ ደብሩ ሄዱ፤ ምሳቸውን አልበሉም። እኔም በልቤ አለቀልን አልኩ። አንዱን ጥያቄ ነግሮኝ ነበር፤ ምንነቱ የማይታወቅ ዱቄትና ውሃ ቢሰጥህ፣ ውሃው ከዚያ ወዲያ እንደማይቀበል በምን ታውቃለህ የሚል። እሱ የአለላ ቀለሜን ጻፈ። የአለላ ቀለም! ለፈረንጅ! «ምነው ሌላ አጣህ?» አልኩት።

ውጤቱ ሲለጠፍ ብቻዬን አልሄድም አለኝ። ሰሌዳው ፊት ተማሪው ተጋፍቷል፤ አንዳንዱ ይጮሃል፣ አንዳንዱ ሻንጣውን አስቀድሞ ይዞ መጥቷል። ወንድሜ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«አንቺ እይልኝ። እኔ አልችልም።»

ቁጥሩን ያዝኩና ገባሁ። ስም የለም፣ ቁጥርና ፊደል ብቻ። ጣቴን በመስመሩ ላይ አድርጌ፣ ጓሯችን እንደማደርገው፣ እያንዳንዱን እያየሁ ወረድኩ። ከኋላዬ «እመቤት፣ ቶሎ በዪ!» የሚል አለ። አልቸኮልኩም። ቁጥሩን አገኘሁት። ጣቴን ወደ ቀኝ ወሰድኩ። ጣቴ አንዲት ፊደል ላይ ቆመች፤ ምን ማለት እንደሆነች አላውቅማ!

ወጥቼ ከፊቱ ቆምኩ። «ሲ» አልኩት።

«ምን?»

«ሲ ነው የሚለው። ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሲ ምንድን ነው? ትወጣለህ?»

ከደረጃው ተነሥቶ አቀፈኝ። እዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት አቀፈኝና እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አላውቅም፣ ትከሻዬ ላይ ተንቀጠቀጠ። «አልፌያለሁ፣ እትዬ። አልፌያለሁ።»

አባቴ ፌርማታው ድረስ ወጥተው ሲጠብቁን አገኘናቸው። ማለፉን ስንነግራቸው ሰማዩን አዩ፣ አማተቡ። ጥቂት እንደሄድን ቆሙ።

«ፊደሉ ሲ ነው አላችሁ?»

«አዎ።»

«ከእንግሊዝኛው ስንተኛ ነው?»

«ሦስተኛ፣ አባባ» አልኩ።

«ሦስተኛ!» አሉ፣ መንገዱ መሃል ላይ። «መጽሐፉን ከነልባሱ ለሚያውቅ ልጅ፣ ሦስተኛ?»

ወንድሜ እስከ ቤት ድረስ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ እስኪሞቱ ድረስ ያን ፈረንጅ በዚህ አልማሩትም።

በሁለተኛው መንፈቅ መጀመሪያ ወንድሜ የሌላ ትምህርት መጽሐፍ ይዞ መጣ፣ ከመጀመሪያው የሚወፍር። በአሥራ አንድ ሰዓት ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፣ እኔም ፊት ለፊቱ። አባቴ መጽሐፉን እንደ ልማዳቸው በሁለት እጃቸው መዘኑና ለኔ ሰጡኝ። ልባሱን ልጀምር ጣቴን ደራሲው ስም ላይ አደረግሁ።

«ቆይ» አሉ፣ ወደኔ ቀረብ ብለው እየተቀመጡ። «አስቀድመሽ ሥዕሎቹን አሳዪኝ።»